የሐሞት ጠጠርና «አያመኝም» ያልኩበት ሰሞን

በቀደም ዕለት ድሬዳዋ፣ ሰፈሬ ያለ ክሊኒክ ወገቤን ልታይ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ከመሳቢያው ክብ ክብ ፊቶች የተሳሉበት ካርድ አወጣና ፊቴ ዘረጋው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ፊት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው እንባውን ያዘንባል፣ የመሀሎቹ ኮስተር ኮስተር ብለዋል። «እናቴ፣ ሕመምዎ የትኛውን ይመስላል?» አለኝ። ሰው ደግፎኝ የገባሁ ሴትዮ፣ ጣቴ ሄዶ የሚስቀው ፊት ላይ አረፈ። ልጁ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ካርዱን አየ። ታዲያ ምን ሊሠሩ መጡ እንዳይለኝ ጨዋ ነው።

ሳቄ መጣ። ሳቄ ሲመጣ ደግሞ ወገቤ ያዘኝና አቃሰትኩ፤ ያኔ ልጁ ራሱ ጣቴን አንስቶ ወደ አልቃሻው ፊት አዛወረልኝ። ይህ አመል የተጠናወተኝ ያኔ፣ ገና ሃያዎቹን ስጀምር፣ ሐረር ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ከእናቴ ጋር ስኖር ነው። አንድ ሰሞን «አያመኝም» ማለት ዋና ሥራዬ ሆኖ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ የሺና እኔ በመልክ አንመሳሰልም። እሷ ቀይ ረጅም ናት፤ እኔ የአባቴን ጥቁረትና እጥረት ይዤ የቀረሁ ነኝ። ከእሷ የወረስኩት ነገር ቢኖር የሐሞት ጠጠሯን ብቻ ነው። የእኔው ቅቤ የበዛበት ወጥ ስበላ ከቀኝ ጎድኔ ስር ቆንጠጥ አድርጎኝ የሚሄድ ነበር። የእሷ ግን ሌላ ነው። በዓል አልፎ ዶሮው ባለቀ ማግስት ይነሳባታል፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ወለሉ ላይ በእጅና በእግሯ ትድሃለች። ያን ዓመት እንቁጣጣሽ ላይ ጠንቶባት ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና ጠጠሩ ቱቦውን እየዘጋው መሆኑን፣ አንድ ቀን ዘግቶት ከቀረ ልናጣት እንደምንችል ነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ በጎረሰች ቁጥር የሚያንቀው እኔን ነበር።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ሆድ ሳይዘረግፉ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሐሞት ከረጢቱን የሚያወጡ ሐኪሞች ከነመሣሪያቸው ወደ ከተማችን መጥተው ነበር። የሚቆዩት ለጥቂት ጊዜ ነው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ አልሄድም አለች፣ አለቀ። እህቷ፣ አክስቴ አበበች፣ ለዚሁ ለሐሞት ጠጠር በድሮው መንገድ ሆዷን ተቀድዳ፣ አስታማሚ ሆና የሰነበተችው እናቴ ናት። የአክስቴ ጩኸት ከጆሮዋ አልወጣም። ሞቱን አይደለም የምትፈራው፣ ያንን ጩኸት ነው። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ የንስሐ አባቷን ላክሁባት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንድ ቀን በቆሎ እሸት እየጠበሰች፣ ፊቷን ወደ እሳቱ እንዳደረገች፣ ቃሏን ሰጠችኝ።

«አንቺም ጠጠር አለሽ አይደል? ቀድመሽ ግቢና ልይሽ። ካላመመሽ እገባለሁ።»

እኔ እንኳ ጠጠሬ ብዙም አላስቸገረኝም ነበር። ግን ምን ምርጫ አለኝ? ገባሁ።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምንም አላመመኝም። ቀዳዳዎቹ ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወግተውልኝ ስለነበር ሆዴ የሌላ ሰው ሆድ መስሎኝ ነበር። ሲስተር ሰናይት የምትባል የሰፈራችን ነርስ አጠገቤ ቆማ ብዙ ነገር መክራኛለች አሉ፤ እኔ ከማደንዘዣው ስካር ስላልወጣሁ ግማሹን ነው የሰማሁት። የሰማሁት ክኒኖቹን ባያመኝም እንኳ በየሰዓታቸው እንድውጥ፣ ሕመሙን ከመጣ በኋላ ከማባረር ሳይመጣ መከላከል እንደሚቀል ነው። ያልሰማሁት ግማሽ ምን እንዳመጣብኝ አሁን እነግራችኋለሁ። እናቴ ግን ሆዴ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ፕላስተሮች አየችና «ይሄው ነው?» አለች፣ ፊቷ ፈካ። እኔም ይሄው ነው አልኳት፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ቤታችን ገባን።

ማደንዘዣው ጨርሶ የለቀቀኝ ደጃችን ላይ ነው። ደፉን ልሻገር እግሬን ሳነሳ አንድ ሰው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቢላ የሚስል መሰለኝ። ትንፋሼን ዋጥኩና ፈገግ አልኩ። እናቴ አልጋ ላይ አጋደመችኝና ዱካ ስባ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። አስተያየቷን ብታዩት፣ ዳኛ ነው የምትመስለው። «አያምሽም?» አለች። «አያመኝም» አልኩ።

ቅጣቱ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። የክኒኑ ሰዓት ደርሶ እጄን ስዘረጋ እናቴ ፌስታሉን ጉያዋ ከተተችው። ካላመመሽ ለምን ትውጫለሽ፣ ክኒን በከንቱ ከበዛ ጉበት ይበላል አለች። እንግዲህ ፍረዱኝ። ያመኛል ብላት እሷ ሆስፒታል መግባቷ ቀረ። አያመኝም ብላት ክኒኔ ቀረ። ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ወደ ጓዳ ስትሄድ ልሰርቅ አስቤ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሴትዮዋ ክኒኑን ይዛው ነው የምትዞረው።

ይሄኔ ጠያቂ መጣ። እትዬ ዘሃራ ከግንቡ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ሐረሪ ናቸው። እናቴ የበርበሬዋንም የወሬዋንም ደንበኛ እሳቸውን ካደረገች ብዙ ዘመኗ ነው። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው፣ ከተጠበሰ የቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት አድርገው በፔርሙስ ይዘው መጡ። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር የማያድነው የለም፣ ቢስሚላህ ብለሽ ላሺው አሉኝ። ላስኩት። መልካም ነበር፣ ጉሮሮዬን ሞቅ አደረገው፤ ሆዴ ግን ወሬው የደረሰውም አይመስል።

የእሳቸው ችግር ጨዋታቸው ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ የዋህ ሰው። ጥርሳቸውን አሟቸው ሄደው የጥርስ ሐኪሙ ያልታመመውን ነቀለው። ክፉ እንዳይናገሩ አመስግነው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ሄዱ፣ ደግሞ ያልታመመውን ነቀለላቸው፣ ደግሞ አመሰገኑ። «በሦስተኛው ነው እንግዲህ፣ ወላሂ፣ ጣታቸውን አውጥተው ‹ዶክተር፣ ካላስቸገርኩ፣ የሚያመኝ በዚህ በኩል ነው› ያሉት» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሆዱን የተቀደደ ሰው ስቆ ያውቃል? እያንዳንዱ ሳቅ ከውስጥ የሚመጣ እርግጫ ነው። ትራሴን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። እትዬ ዘሃራ ወሬያቸው የጣመልኝ መስሏቸው ስለ አማቻቸው ቀጠሉ። እናቴ እኔን ብቻ ነው የምታየው። «ሳቁ ነው ያስለቀሰኝ» አልኳት። እሱስ ውሸት አልነበረም።

ማታውን ግን ያላሰብኩት መጣ። ቀኝ ትከሻዬ ላይ፣ ማንም እጁን ባላሳረፈበት ቦታ፣ ውጋት ቆመብኝ። ከሆዱ እጅግ የባሰ ነው፤ ትንፋሽ ስስብ ይወጋኛል፣ ስጋደም ይብሳል። ለእናቴ ቃል የገባሁት ስለ ሆዴ ነው፣ ትከሻዬ በውሉ ውስጥ የለም ብዬ አሰብኩና፣ በነጋታው ጠዋት እሷም እትዬ ዘሃራም ባሉበት ትከሻዬን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል አልኩ። ምነው ምላሴን ቢቆርጠው።

ሁለቱ ተያዩ። የቀደዱት ሆድ፣ ያመማት ትከሻ። እናቴ ቀስ ብላ ከዱካዋ ተነሳች። እትዬ ዘሃራ ከንፈራቸውን መጠጡና የሁሉንም ልብ ያሳረፈውን ፍርድ ሰጡ፤ ሱብሃነላህ፣ ጥለዋታል። ሰመመን ወስዷት እያለ ከጠረጴዛው ጥለዋት፣ ማንም ሳያይ አንስተው መልሰዋታል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በየትኛው ጎኔ እንደወደቅኩ ነበር። እናቴ በቀኟ ነው አለች፣ እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ በጭንቅላቷ መሆን አለበት አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ከሰዓት ላይ ወጌሻ መጣ። ኦቦ ሙሜ የሚባሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ ውስጥ ጫትና ማሽላ የሚያለሙ፣ ለስብራትና ለወለምታ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው። ቅቤያቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ጫታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ። ትከሻዬን ዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከቦታው ትንሽ ሸሽቷል አሉ። ቅቤውን በእጃቸው አሟሙቀው ይጭኑኝ ጀመር።

«ያማል?» አሉ። እናቴ ከበሩ ስር ቆማለች።

«አያምም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ሙያ፣ ካላመመ ቦታው ገና አልተገኘም ማለት ነው። ጠበቅ አደረጉ። አሁንስ አሉኝ፣ አሁንም አልኩ። ይባስ ብለው አውራ ጣታቸውን ትከሻዬና አንገቴ መሀል ሰደዱት። እኔ አያምም ባልኩ ቁጥር እሳቸው ጉልበት ይጨምራሉ፣ እሳቸው ጉልበት በጨመሩ ቁጥር እናቴ ዓይኗን ታጠባለች። እትዬ ዘሃራ ከጎን ሆነው ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጀግና ናት ይላሉ። ነፍሴ ልትወጣ ስትል ዘዴ መጣልኝና «አሁን ገባ፣ ዳነ» አልኳቸው። ኦቦ ሙሜ ላባቸውን ጠረጉ፣ ተመረቁ፣ ተመሰገኑ። ሲወጡም አንድ እፍኝ ጫት አልጋዬ ላይ አኖሩና ይህን ስትቅሚ እንኳን ትከሻሽን ስምሽን ትረሺዋለሽ አሉኝ። እናቴ ጫቱን አንስታ ተከትላቸው ሄዳ መለሰችላቸው።

አሁን ጉዱን ስሙ። እናቴ ተመልሳ ገብታ፣ ሆድሽስ ደህና ነው፣ እሱን አይቻለሁ አለች። «ግን ሰውን አስተኝተው የሚጥሉ ከሆነ፣ አንቺ ቀጭኗ እንዲህ ከሆንሽ፣ እኔ በዚህ ሰውነቴ ብወድቅ ማን ያነሳኛል? አልሄድም።» ቅቤ በቅቤ እንደሆንኩ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ሕመም የዋጥኩት ለዚህ ነው? ሐኪሞቹ ደግሞ ጓዛቸውን ሊሸክፉ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው። ያን ዕለት ብቻዬን ስሆን የምሬን አለቀስኩ፤ ስለ ትከሻዬ አልነበረም።

በማግስቱ ሲስተር ሰናይት ፕላስተሬን ልታይ ስትመጣ ትከሻዬ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። እናቴ መውደቄን ነገረቻት፣ ያውም እንደ ዓይን ምስክር። ሲስተር ሳቋን ይዛ አስረዳች። ካሜራው ቦታ እንዲያገኝ ሆዱን በአየር ይነፉታል፣ ሲጨርሱ ትንሽ አየር ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ከሳንባ ስር ያለውን ስስ መጋረጃ ሲነካው ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ይህን ለልጅሽ ነግሬያታለሁ አለች። ያልሰማሁት ግማሽ ይሄ ነበር። መድኃኒቱ መራመድ፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ትከሻ ላይ መያዝ፣ ደግሞ ክኒን ነው።

«ነፍተዋት?» አለች እናቴ። «በግ ሲገፈፍ በእግሩ በኩል እንደሚነፋው?» ሲስተር ትንሽ አሰበችና አዎ፣ እንደሱ በይው አለች። እናቴ መውደቁ ሳይሻል አልቀረም በሚል ፊት ቁጭ አለች። ክኒኖቹስ ሲባል አላመማትም ብላ ከጉያዋ አወጣች። ሲስተር ፌስታሉን አይታ እኔን አየችኝ፤ እኔ በዓይኔ ለመንኳት። ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ሕጉ ነው፣ ቢያማትም ባያማትም ትዋጥ አለች። እግዜር ይስጣት። ክኒኑ ሲሠራ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

የመራመዱን ነገር እትዬ ዘሃራ በራሳቸው ላይ ወሰዱት። ጠዋት መጥተው በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል እናቴ ሆነው በፈላና በር አስገቡኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና የጀጎል መተላለፊያዎች ድንጋያቸው ታጥቦ ያበራል፤ በየጥጉ ሴቶች ዘይቱንና ብርቱካን ደርድረው ተቀምጠዋል። ቀስ እያልን፣ ሰላምታ እየተለዋወጥን፣ እያንዳንዱ ሰው ምን ሆና ነው ሲል እትዬ ዘሃራ ነፍተዋት ነው እያሉ ሄድን። ትከሻዬ በእውነት ቀለል አለኝ። ደስ ብሎኝ ራሴን ቀና አድርጌ ስሄድ፣ ለካ ጊደር መጋላ ደርሰናል።

እዚያ በርበሬ ይነፋ ነበር። አንዲት ሴትዮ ወንፊቷን አነሳች፣ ነፋሱ አቧራውን ወደ እኔ አመጣው፣ አፍንጫዬ ነደደ። ካነጠስኩ ሆዴን ምን እንደሚያደርገኝ አውቄዋለሁ፣ ግን ምን ላድርግ? አነጠስኩ። ከዚያ ደገምኩ። ከዚያ «ወይኔ እናቴ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ገበያውን አቆመው። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ እጥፍ አልኩ። እትዬ ዘሃራ ሱቃቸው አስገብተው አብሽ የሞላ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሊያመጡ ወጡ። እኔ ግን ለቅሶዬ አልቆም አለ። በቃ፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ። እናቴ ሰማች፣ ያውም ያንኑ የምትፈራውን ጩኸት ሰማች።

«እማዬ፣ ያመኛል» አልኳት። «ሲያመኝ ነው የሰነበተው። እንድትገቢ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ደፉን ስትሻገሪ ነው ያወቅኩት። ወልጄሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ ክኒኑን ለምን ከለከልሽኝ?»

«እስከ የት ድረስ እንደምትዋሺ ልይ ብዬ ነዋ።» ትንሽ እንኳ አላፈረችም። አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ሲነሳብኝ ሰው ፊት ፈገግ ብዬ አውቃለሁ? የዘሃራን ወሬ ሰምቼ እስቃለሁ? ወጌሻ ጠምዝዞኝ አያምም እላለሁ? ልጄ፣ ሰው ተቀምጦ የሚዋሽበት ሕመም ከሆነ እኔም እችለዋለሁ። የኔው አያስዋሽም።»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ውስጥ ቢጫው አሁንም ነበር።

«እነዚያ ሰዎች መቼ ነው የሚሄዱት?» አለች።

ከመሄዳቸው በፊት ገባች። ስትነቃ ግን የእኔን ትዕግሥት የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። ያደነዘዛት መድኃኒት ገና ሳይለቃት በቅድሚያ መጮህ ጀመረች። ክኒኗን ሰዓቱ ሳይደርስ ትጠይቃለች፣ የሞቀውን ጠርሙስ ቀዘቀዘ ብላ ትመልሳለች፣ ትከሻዋን ሲወጋት አየሩ አሁን ወደዚህ ሄደ እያለች ለክፍሉ ሁሉ ታስታውቃለች። እትዬ ዘሃራን ገና በር ላይ ሳሉ ዛሬ የምታስቂኝ ከሆነ አትግቢ አለቻቸው። እኔንማ በጠያቂ ሁሉ ፊት ውሸታም እያለችኝ ነው ያስታመምኳት። ብቻ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ከእኔ ፈጥና ነው የተነሳችው።

በአንድ ገላ ላይ ይህን ሁሉ የሞከርኩ ሰው የመፍረድ መብት አለኝ። የማደንዘዣ መርፌው ጥሩ ነው፣ ግን ደጅ ላይ ጥሎኝ ሄደ። ክኒን በሰዓቱ የሚያህለው የለም። ጥቁር አዝሙዱ ለአፍ ይጣፍጣል። ቅቤው ለትከሻዬ ምንም አልፈየደም፣ ቆዳዬ ግን ለወራት ለሰለሰ። መራመዱ አየሩን ያስወጣል፣ በበርበሬ ተራ ካልሆነ። ከሁሉ የበለጠው ግን የእናቴ ነው፤ የት እንደሚያም፣ ምን ያህል እንደሚያም፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር። ሰው ትራስ ያቀርብልሃል፣ ክኒኑን ያቀብልሃል፣ ሕመሙን ብቻህን አትሸከመውም።

እኔ ይህን እስካሁን አልተማርኩም፣ ያ ልጅ ሐኪም ምስክሬ ነው። እናቴ ግን ሰማንያ ዓመቷን ይዛ እዚያው ሐረር፣ እዚያው ቤት አለች። በየእሑዱ ስደውልላት ከጥርሷ እስከ ተረከዟ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ትዘረዝርልኛለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እሰማታለሁ፤ ስታማርር ደስ ይለኛል፣ አልደብቃችሁም። አማረረች ማለት ደህና ናት ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውል ድምፅዋ ቀጠን ብሎ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አያመኝም» አለችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወገቤን በሻሽ ጠፍሬ አሥሬ የሐረር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ስደርስ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ዞር ብላ ስታየኝ ደነገጠች።

«ለምን መጣሽ?» አለችኝ።

«ምንም አያመኝም ስላልሽኝ» አልኳት።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ፣ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።